«ፍቅር ነው የጣላት»

በእኛ ሰፈር አንዲት ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ተባርራ ስትመለስ ምርመራው አቦሉ ሳይጠጣ ያልቃል። «ወንድ ይዛ ነዋ!» ይባላል። ወንዱ ሲባረር ግን «ትምህርቱ ከብዶት ነው» ይባልለታል። እሱስ ሲጠብስ አልነበር እንዴ?

ፍርዱ አልዋጥልህ ብሎኛል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። የቀሩትን በሙሉ ፍቅር ጣላቸው?

አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ ጄምስ ኮልማን በ1966 እ.ኤ.አ. ባወጣው ትልቅ ጥናት፣ ለተማሪዎች ውጤት መለያየት ከትምህርት ቤቱ ሀብት ይልቅ የቤተሰብ ሁኔታ የበለጠ ድርሻ እንዳለው አሳይቷል። ፍቅርም ቢሆን ከቤት ተለይቶ አይታይም።

በአንድ ዶርም የሚኖሩ ሁለት ፍሬሽ ተማሪዎችን ውሰዱ። አንደኛዋ የመምህራን ልጅ ናት። ወር በገባ ቁጥር ብር ይላክላታል። ቦይፍሬንድ ይዛለች፤ ላይብረሪ አብረው ያመሻሉ። ሲጣሉ ለእናቷ ደውላ ታለቅስና በማግስቱ ፈተናዋን ትፈተናለች።

ሁለተኛዋ በግ ተሸጦ የትራንስፖርት የተሰጣት የገበሬ ልጅ ናት። በኮስት ሼሪንግ አልጋና ምግብ ታገኛለች፤ ሳሙና፣ ሞዴስና ፎቶ ኮፒ ግን እዚያ ውስጥ የሉም። አርብ ማታ በር ላይ መኪና አቁሞ የሚጠብቃት ሰውዬ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ይህን ፍቅር ማለት ፍቅርን መስደብ ነው። ነገር ሲበላሽባት ደግሞ የምትደውልለት የላትም፤ ቤት ቢሰሙ «ነይና አግቢ» ነው የሚሏት። ዝም ትላለች። ከዚያ ኤፍ ይመጣል፤ እኛም ቡናችንን እናፈላለን።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። የመጀመሪያዋ ተመርቃ፣ የተመረቀ ታገባለች፤ ልጃቸው ሁለት አንባቢ ያለበት ቤት ይወለዳል። የሁለተኛዋ ልጅ እናቱ ከጀመረችበት ይጀምራል። ዲግሪ ዲግሪን ሲያገባ፣ ችግርም ችግርን ያገባል።

እኔም ብሆን የእህቴን ልጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስሸኝ፣ መናኸሪያ ቆሜ «ወንድ የሚባል እንዳታናግሪ!» ብዬ መክሬያታለሁ። የሳሙና መግዣ አላት ወይ ብዬ አለመጠየቄ ትዝ ያለኝ አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ነው። ምክር ገንዘብ አይጠይቅማ!

ማታ ደወልኩላት። «ምንም ነገር ቢፈጠር፣ የፈለገውን ይሁን፣ መጀመሪያ ለእኔ ደውይ» አልኳት።

ዝም ብላ ቆየችና «እሺ ጋሼ» አለችኝ።