የማይጠይቅ አስተማሪ

ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ግድግዳው ላይ በብረት ሳጥን የተቆለፈ ትልቅ ቴሌቪዥን ጠበቀን። ፕላዝማ እንለው ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባው የሳተላይት ትምህርት ነው። ከታላላቆቻችሁ አንዱን ጠይቁ፤ ሳይስቅ አይነግራችሁም። የፕላዝማው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ያስተምራል፣ ጥያቄ ያወጣል፣ ሰዓት ይቆጥራል። እኛ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ ሰዓቱ ያልቃል። እሱም ማንም ሳይመልስለት “በጣም ጥሩ!” ብሎ አመስግኖን ወደሚቀጥለው ያልፋል። መብራት ከሄደ ትምህርቱም አብሮ ሄደ፤ ነገ ሲመጣ የነገውን እንጂ የትናንቱን አያስተምርም። የሒሳብ መምህራችን በቀሩት ጥቂት ደቂቃዎች ያመለጠንን ሊለቅሙልን ሲጣደፉ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። በእጃቸው ጠመኔ ነበር፤ የሰጧቸው ጊዜ ግን ሰሌዳውን ለመጥረግ እንኳ አይበቃም።

ይህን ያስታወሰኝ ባለፈው የወጣቶች ምሽት የተደረገው ክርክር ነው። ርእሱ “ኢንተርኔት ለትምህርት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?” የሚል ነበር። ይጠቅማል ያሉት ጥሩ ተናገሩ፣ ይጎዳል ያሉትም ጥሩ ተናገሩ፣ ለሁለቱም ተጨበጨበ፣ ሻይ ጠጥተን ተበተንን። እኔ ግን ሳልረካ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በዚህ ዓምድ መጽሐፍ ስንመረምር “መጽሐፍ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?” ብለን ጠይቀን አናውቅም። የትኛው መጽሐፍ? ማን ጻፈው? አንባቢውን ምን ያደርገዋል? ነው የምንለው። ታዲያ ኢንተርኔት ላይ ስንደርስ ለምን በጅምላ እንፈርዳለን? እስቲ ዛሬ አንድ የኢንተርኔት ትምህርት መጽሐፍ በምናነብበት ዓይን እንመልከት።

የመረጥኩት የካን አካዳሚን የሒሳብ ቪዲዮ ነው። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ስሙን የማታውቁም ጥቁር ሰሌዳውንና ባለ ቀለም ጽሕፈቱን ስታዩ ትለዩታላችሁ። ሰልማን ካን በ2004 እ.ኤ.አ. በሌላ ከተማ ለምትኖር አንዲት ዘመዱ በስልክና በኮምፒውተር ሒሳብ ማስጠናት ጀመረ። ተማሪዎቹ ሲበዙበት በ2006 ቪዲዮ እየሠራ ዩቲዩብ ላይ ይጭን ገባ። ከዚያ የሆነውን በ2011 በቴድ መድረክ ላይ ራሱ እየቀለደ ተናግሮታል፤ ዘመዶቹ በአካል ከሚያስተምራቸው ይልቅ ቪዲዮው እንደሚሻላቸው ነገሩት። ለምን? ማቆም ይችላሉ፣ መድገም ይችላሉ፣ ደግሞ ሲጠይቁት “አሁንም አልገባሽም?” የሚል ፊት አያዩም።

እንደ ሃያሲ ስመለከተው የቪዲዮው ዋና ብልሃት እዚህ ጋ ነው። አስተማሪው ፊት የለውም። ድምፁና እጁ ብቻ አሉ። ጽሑፍ ይዞ አያነብም፤ አጠገባችሁ ተቀምጦ ደብተራችሁ ላይ የሚጽፍ ታላቅ ወንድም ነው የሚመስለው። ፕላዝማው ደግሞ ፊት ነበረው፣ ከረባት ነበረው፣ ሰዓት ነበረው። እኛን ግን አይጠብቅም ነበር። ካን ይጠብቃል። ጣታችሁ ስክሪኑን ስትነካ ዝም ይላል፣ ስትፈልጉት ካቆመበት ይቀጥላል። በሁለቱ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ይህ ነው።

ይህ መጠበቅ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከመዘምራኖቻችን አንዷ አሳይታኛለች። እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ግን አልጽፍም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ ከተፈተኑት ነበረች። ውጤቱን ታስታውሳላችሁ፤ ከ900 ሺህ ከሚበልጡት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እሷ ከብዙዎቹ ጋር ቀረች። ብዙ መሆናቸው እንዳላጽናናት ነግራኛለች። ውጤቱ የወጣ ቀን ማታ ልምምድ ነበረን፤ መጥታ ዘመረች፣ ከማንም ጋር ሳትነጋገር ሄደች።

በግል ለመፈተን ስትዘጋጅ አንድ ነገር ገባት። ችግሯ የ12ኛ ክፍል ሒሳብ አልነበረም፤ ክፍልፋይ ነበር። አዎ፣ በአንደኛ ደረጃ የምንማረው ክፍልፋይ። እስቲ አስቡት፤ 19 ዓመት የሞላት ልጅ ተነሥታ “ክፍልፋይ አስተምሩኝ” የምትለው ለማን ነው? ለአጎቷ? ለቀድሞ መምህሯ? የሌሊት ጥቅል ገዝታ ቪዲዮ አወረደች፤ ሌሎቹን ደግሞ ጓደኛዋ በስልክ አስተላለፈችላት። የክፍልፋይ ማካፈልን ሰባት ጊዜ አየችው። ማንም አልሳቀባትም። በዓለም ላይ ካሉ አስተማሪዎች ሁሉ ሰባት ጊዜ ሳይሰለች የሚደግምላት ይህ ብቻ ነበር። ኢንተርኔት ለትምህርት ምን ጠቀመ ለሚለኝ መልሴ ይህች ልጅ ናት። የታተመ መጽሐፍ ባልደረሰበት ትምህርት ቤት ፒዲኤፍ በቴሌግራም አውርዶ የሚያጠናው ተማሪም ሁለተኛው መልሴ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ሲዘጉ ቴሌግራም ለብዙዎቻችሁ ክፍል ሆኖ እንደነበርም አልዘነጋሁም፤ ስልክ ለነበራችሁት ማለቴ ነው።

ታሪኩ ግን እዚህ አላለቀም።

አንድ ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ ለአንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ስታስረዳ አጠገባቸው ነበርኩ። ሦስት ሩብን ለግማሽ አካፈለች። ሁለተኛውን ክፍልፋይ ገለበጠች፣ አባዛች፣ አንድ ተኩል አገኘች። እጇ አልተንቀጠቀጠም። ትንሿ ልጅ መልሱን አየችና፣ “ስናካፍል ቁጥሩ መቀነስ አልነበረበትም እንዴ? ለምን ጨመረ?” አለቻት።

ዝምታ። ከዚያ፣ “እሱ እንደዚህ ነው የሠራው” አለች።

ይህን ቃል ከዚያ ወዲህ ከጆሮዬ ማውጣት አልቻልኩም። “እሱ” ቪዲዮው ነው። ሰባት ጊዜ አይታው የተማረችው እጁ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ነበር። ትንሿ ልጅ ደግሞ ልታሳፍራት አልፈለገችም፤ የምር ግራ ገብቷት ነው። ለሻይ የቀረበውን ዳቦ አራት ቦታ ቆረሰች፣ አንዱን አንሥታ ወደ ጎን አደረገችና፣ “በዚህ በቀረው ውስጥ ግማሽ ዳቦ ስንት ጊዜ ይወጣል?” ብላ ራሷ ጠየቀች። አንድ ግማሽ፣ ከዚያ ደግሞ የግማሽ እኩሌታ። ሁለቱም እኩል “እ!” አሉ። አንድ ተኩል ጊዜ ይወጣል፤ ለካ ማካፈል ይህም ነው።

በኋላ ቪዲዮውን አብረን አየነው። ምክንያቱ እዚያው ነበር፤ በሥዕል ጭምር። ስለዚህ አስተማሪውን መውቀስ አልችልም። ሰባት ጊዜ ፊቷ ላይ ተነግሯት ያለፋት ማንም ስላልጠየቃት ነው። ካን ይጠብቃል ብያለሁ፤ ቪዲዮው ግን አይጠይቅም። ፕላዝማው ደግሞ ይጠይቅ ነበር፣ አይጠብቅም ነበር እንጂ። ለፍትሕ ስል ልጨምር፤ የካን አካዳሚ ድረ ገጽ መልመጃዎችም አሉት፣ ስትሳሳቱ ፍንጭ ይሰጣችኋል። ግን እሱን ለመጠቀም ኢንተርኔት ላይ መቆየት ያስፈልጋል። ወደ እሷ የደረሰው ከስልክ ወደ ስልክ የተላለፈው ቪዲዮ ብቻ ነው። ገንዘብ ያለው ልጅ ጥያቄውንም መልሱንም ያገኛል፣ የሌለው መልሱ ብቻ ይደርሰዋል። በክርክሩ ምሽት “ኢንተርኔት ድኻና ሀብታምን እኩል አደረገ” ያለው ወንድማችን ይህን ቢያስብበት ደስ ይለኛል። ቪዲዮው እንግሊዝኛ መሆኑንም ይጨምርበት።

ስለ ቲክቶክ ብዙ አልልም፤ ወላጆቻችሁ ብለውታል። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ስለ መሰረዙም፣ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ “ፈተናው እኛ ጋ አለ” እያሉ ገንዘብ ስለሚለቅሙት ቻናሎችም እንዲሁ። ሌብነት መሆኑን የማያውቅ አንባቢ የለንም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌብነት የማይመስለው ነው።

ባለፈው ዕትም ለዚህ ዓምድ ስለ “ፍቅር እስከ መቃብር” አንድ ጽሑፍ ደረሰን። ቋንቋው ንጹሕ፣ አንቀጹ የተስተካከለ፣ ስሕተት የለሽ። ደስ እያለኝ ሳነብ በዛብህ ከጦርነት የተመለሰ ወታደር ሆኖ አገኘሁት። በዛብህ! ዕድሜውን በቤተ ክህነት ትምህርት ያሳለፈው በዛብህ! ጸሐፊውን ጠርቼ ሳናግረው አልዋሸኝም። መጽሐፉን ጀምሮ ነበር፤ ወፍራም ሆነበት፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱን ጠየቀው፤ በሰከንዶች ውስጥ ጻፈለት። እኔም ለመፈተን የራሴን ጥያቄ አቀረብኩለት፤ ለእኔ ደግሞ አብዛኛውን በትክክል መለሰ። እንዲያውም የከፋው ይህ ነው። አንዳንዴ ትክክል፣ አንዳንዴ ስሕተት፣ ሁልጊዜ ግን በዚያው እርግጠኛ ድምፅ። መጽሐፉን ላላነበበ ሰው ሁለቱ አይለዩም።

ግን በዛብህ ወታደር ባይሆንም ጽሑፉን አላወጣውም ነበር። “በዛብህ ሰብለን ያስተምራት ነበር፣ ከዚያ ተፋቀሩ” ብሎ በአንድ መስመር አልፏል። ሐዲስ አለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ ወፍራም የሆነው በከንቱ አይደለም። አንድ አስተማሪና አንዲት ተማሪ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ቀን በቀን፣ አንዱ የሌላውን ፊት እያየ ምን እንደሚሆን ለማሳየት ገጽ ያስፈልጋል። ዝግታው ራሱ ነገሩ ነው። ቴክኖሎጂ በመሆኑ አይደለም ይህን የምለው። የወላጆቻችን ትውልድ ይህን መጽሐፍ በአብዛኛው የሰማው በሬዲዮ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው በየክፍሉ እየጠበቁ፣ እስከሚቀጥለው ድረስ “ጉዱ ካሣ ምን ይል ይሆን?” እየተባባሉ። ሬዲዮውም ማሽን ነው። ግን ያስጠብቃቸው ነበር፣ በመጠበቁ ውስጥም ያስባሉ። አዲሱ ማሽን ያን ጊዜ ነው የሚወስደው፣ መልሱ ጥያቄው ልባችሁ ውስጥ ሳይበስል ይደርሳል።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለውን የሀገራችንን ሰው በየጥናቱ ስለምናነሣው ሰልችቷችሁ ይሆናል። እኔ ግን ሰሞኑን ሳነበው ያላየሁትን አየሁ። ጃንደረባው የጎደለው መጽሐፍ አልነበረም። ጥቅልሉ በእጁ ነው፣ ማንበብ ይችላል፣ ጮክ ብሎ እያነበበ ነው፤ በዚያ ዘመን ይህ ሁሉ የታደለ ሰው መሆኑን ያሳያል። በዛሬ ቋንቋ ፋይሉ ወርዶለታል። ፊልጶስም ሮጦ ሲደርስ ማብራሪያ አልጀመረም። በመጀመሪያ ጠየቀው፤ የሚያነበው ይገባው እንደሆነ። ሰረገላው ላይ ወጥቶ አጠገቡ የተቀመጠው ከዚያ በኋላ ነው። ስለ ክፍሉ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ ፊልጶስ ስለ መጠየቁ የሰበከ ግን አላጋጠመኝም።

ማሽኑን ጠይቁት፣ ይመልሳል። አስተማሪ ግን ሳትጠይቁት ይጠይቃችኋል፤ የማታውቁትን መሆኑን የማታውቁትን። እርግጥ አንዳንዶቹ ማሽኖች “ጠይቀኝ” ብትሏቸው ይጠይቃሉ፤ ሞክሬዋለሁ፣ ክፉ አይደለም። ግን “ጠይቀኝ” ለማለት አስቀድሞ መጠየቅ የሚፈልግ ሰው መሆን ይጠይቃል፤ ወፍራም መጽሐፍ ጀምሮ የደከመው ልጅ በመሸ ሰዓት ያን አይልም። እኔም አልልም።

ያች እህታችን ዳቦው ከተቆረሰበት ቅዳሜ ወዲህ ቪዲዮ ማየት አላቆመችም። አስተያየቷ ግን ተለውጧል። በየሁለት ደቂቃው ታቆመውና የሚቀጥለውን ደብተሯ ላይ ራሷ ትሞክራለች፣ ከዚያ ታመሳክራለች። ቅዳሜ ደግሞ ያየችውን ይዛ ትመጣለች፤ ትንሿ ልጅም “ለምን?” ለማለት ትጠብቃታለች። አሁን ሰባት ሆነዋል። ፈተናው እንዴት እንደሚሆን አላውቅም፣ እሷም አታውቅም፤ እየፈራች ነው የምታጠናው።

የበዛብህን ጽሑፍ የላከልን ወንድማችን መጽሐፉን እንደገና ጀምሯል። ትናንት ስደውልለት ምዕራፍ ሦስት ላይ ነበር፣ ያልገባው ቃል አገኘ፣ የሚፈልገውም ስልኩ ላይ ነው። መልካም ነው አልኩት። መልእክቱንም ላድርስ፤ ከእናንተ መካከል አብሮት ሊያነብ የሚፈልግ ካለ ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ ከሒሳቦቹ ጎን ባለው ጠረጴዛ ይጠብቃል። መጽሐፉ አንድ ነው፣ በየተራ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ዳቦ የሚያመጣ ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም።