ውሃ ውስጥ ለሚገባ ሰው ለመስቀል ምን ይሰጣል?

ለመስቀል ወደ ጉራጌ፣ ወደ እኛ መስቃን ባዶ እጁን የሚገባ ሰው የለም። በዓለም ገና፣ በመልካ ቁንጥሬ፣ በጢያና በቡኢ አድርጎ ቡታጅራ የሚደርሰው መኪና ለእናት ነጠላ፣ ለአባት ካፖርት፣ ለቤቱ ቡናና ስኳር ጭኖ ነው የሚመጣው። ሙስሊሙም ለአረፋ እንዲሁ ያደርጋል። ቤት ሆኖ የሚጠብቀውም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። እናት ቅቤዋን አስቀድማ ታጠራቅማለች፤ ሚስትና እህት ለመጪው የሚሆን ነገር ያዘጋጃሉ። መጪው ነጋዴ ወይም ሹፌር ከሆነ ምን እንደሚያስደስተው ይታወቃል። ጠላቂ ዋናተኛ ሲሆን ግን ቤተሰቡ ግራ ይጋባል። በዚህ ሙያ የምሠራ የመስቃን ልጅ በመሆኔ ነሐሴ ሲጋመስ ስልኬ ይጮኻል። «ጋሼ፣ ለባለቤቴ ምን ብገዛለት ይሻላል?» ይሉኛል። ስጦታ መምረጥ እንደ ማንኛውም ሙያ የሚማሩት ነገር ነው፤ ለጠላቂ ሲሆን ደግሞ ትምህርቱ የሚጀምረው ሥራውን ከማወቅ ነው።

ሌላው ዓለም ጠላቂ ሲባል የሚያስበው የቀይ ባሕርን ኮራልና ባለቀለም ዓሣ ነው። በእኛ አገር ስሙ ሲነሳ ቀድመው ትዝ የሚሉን የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ጠላቂ ዋናተኞች ናቸው። በ939 ሲደወል ወንዝ፣ የውሃ ጉድጓድ ወይም ድንጋይ ወጥቶበት ክረምት የሞላው ኳሪ ድረስ ይሄዳሉ፤ ከከተማው ውጭም ተጠርተው ይወጣሉ። ጅቡቲ ወይም ዓረብ አገር ቱሪስት ይዘው የሚጠልቁ፣ በባሕር ኃይል ውስጥ የሚያገለግሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 ኤርትራ ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ ግን እኛ ዘንድ የሚጠለቀው ሐይቅ፣ ወንዝና ጉድጓድ ውስጥ ነው። ስለዚህ የውጭ አገር ሱቆች ለበዓል የሚያወጡት ዝርዝር ለእኛ ሰው ብዙም አይሆንም። የውሃ ውስጥ ካሜራ ላንጋኖ ላይ ምን ያነሳል? ውሃው ቡናማ ነው፤ ክንድን ዘርግቶ የራስን መዳፍ ማየት የማይቻልበት ጊዜ አለ።

የመጀመሪያው ደንብ፣ የሚተነፍስበትን ዕቃ አትግዙለት። ከሲሊንደሩ አየር ተቀብሎ ለአፉ የሚያደርሰው ሬጉሌተር በሱቅ መስኮት ሲያዩት ያምራል፤ ስጦታ ያስመስላል። የዛሬው ዓይነት ሬጉሌተር እ.ኤ.አ. በ1943 ፈረንሳይ ውስጥ ሲሠራ፣ ኢንጂነሩ ኤሚል ጋኛን መነሻ ያደረገው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነዳጅ ጠፍቶ በጋዝ ለሚሄዱ መኪኖች የሠራውን ቫልቭ ነበር። ባሕረኛው ዣክ ኩስቶ ውሃ ውስጥ ሞከረው። ሥራው ከዚያ ወዲህ አልተለወጠም፤ በሲሊንደሩ ውስጥ በ200 ባር ግፊት የታመቀውን አየር ጠላቂው ባለበት ጥልቀት ወዳለው ግፊት ያወርድና ሲስብ ብቻ ይለቅለታል። 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ 2,400 ሊትር ያህል አየር አለው። ሰውዬው በጠለቀ ቁጥር በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚወስደው አየር ይጨምራል፤ ከደነገጠ ደግሞ ይባስ ይበላዋል። ይህን ሁሉ የሚቆጣጠረውን ዕቃ ጠላቂው ራሱ መርጦ፣ አፉ ውስጥ ይዞ ሞክሮ፣ ማን እንደሚጠግንለት አውቆ ሊይዘው ይገባል። ከገበያ የተገኘ፣ ታሪኩ የማይታወቅ አሮጌ ሬጉሌተርማ በነጻ ቢሰጥም አይቀበለውም።

በምትኩ ያለውን አስጠግኑለት። ሬጉሌተር በዓመት አንድ ጊዜ ተፈቶ መታጠብ አለበት፤ የጎማ ቀለበቶቹ (ኦሪንጎቹ) ይቀየራሉ፣ ግፊቱ ይለካል። ይህን ሥራ የሚያውቅ ባለሙያ እንደ ልብ ስለማይገኝ አንዳንዴ ዕቃው ውጭ አገር ደርሶ መመለስ አለበት። የዚህን ወጪ ከፍላ በፖስታ ውስጥ «የዘንድሮው ሰርቪስ ተከፍሏል» የሚል ወረቀት የምትሰጥ ሚስት ትልቅ ነገር ሰጠች። በሪባን የሚጠቀለል ነገር ባይኖረውም ባሏ ዓመቱን ሙሉ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ያገኘዋል።

ማስክ ስጦታ ሊሆን ይችላል፤ ግን ሰውዬው ራሱ ቆሞ ይምረጥ። ብዙ ቤተሰብ ዓይን ብቻ የሚሸፍነውን የመዋኛ መነጽር ይገዛል። ለመጥለቅ አይሆንም። ወደ ታች ሲወረድ ግፊቱ መነጽሩን ፊት ላይ ይጫነዋል፤ ጠላቂው ይህን የሚያቃልለው በአፍንጫው አየር ወደ ማስኩ ውስጥ እየለቀቀ ነው። ስለዚህ ማስኩ አፍንጫንም መሸፈን አለበት፤ ጆሮው ሲዘጋበት አፍንጫውን ቆንጥጦ እንዲነፋም የአፍንጫው ቤት ለስላሳ መሆን ይኖርበታል። አሞካከሩ ቀላል ነው። ላስቲኩን ወደ ፊት ገልብጦ ማስኩን ፊቱ ላይ ያስቀምጥ፤ በአፍንጫው ቀስ ብሎ ይሳብና እጁን ይልቀቅ። ሳይወድቅ ተጣብቆ ከቆየ ልኩ ነው። በጎን በኩል አየር ካስገባ ውሃም ያስገባል፤ ዋጋው የቱንም ያህል ቢሆን ይተወው። ጺም ያለው ሰው ከአፍንጫው በታች ያለውን ጠርዝ በደንብ ይይ፤ ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው እዚያ ጋ ነው። ከገዛው በኋላ መስታወቱ በውስጥ በኩል ልዩ ቅብ ከሌለው በጥርስ ሳሙና በጣቱ ደጋግሞ አሽቶ ይጠበው፤ ከፋብሪካ የሚመጣው ስስ ሽፋን ካልለቀቀ ውሃ ውስጥ ጉም ይሞላበታል። እኔ ዘንድ አብሮ ሱቅ መሄድና እስኪመርጥ በትዕግሥት መቆምም ከስጦታው ይቆጠራል።

ለደፈረሰ ውሃ የሚሆነው ስጦታ ደግሞ ሌላ ነው። ሰዎች ኃይለኛ ባትሪ ይገዛሉ። በጠራ ውሃ ደህና ነው፤ በደፈረሰው ግን ብርሃኑ ጭቃው ላይ እያረፈ ተመልሶ ዓይን ይወጋል። እዚያ የሚሠራው በእጅ ነው። ጠላቂው የያዘውን ገመድ ዳር ላይ ያለ ባልደረባው ይቆጣጠራል፤ ስንቴ እንደተጎተተ በመቁጠር ይነጋገራሉ። የሚዳስሰው መሬት ደግሞ የተሰበረ ጠርሙስ፣ ሽቦና ስለታም ድንጋይ አለው። ስለዚህ ጣትን ሳያደነዝዝ ከስለት የሚከላከል ጓንት፣ የማይበሰብስ ጥሩ ገመድ፣ ድምጹ ሩቅ የሚሰማ ፊሽካ ዋጋቸው ትንሽ፣ ጥቅማቸው ብዙ ነው። ቶሎ ስለሚያልቁና ስለሚጠፉ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ቢያመጣም አይተርፍም።

ቢላዋም አለ። መስቀል ሲደርስ የጉራጌ ወንድ ቢላዋውን አሹሎ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ለጠላቂው ትልቅና የሚያብረቀርቅ ቢላዋ የሚያመጡለት አሉ። እሱ ለሚታረደው በሬ ይሁን። ውሃ ውስጥ የሚፈለገው አጭር፣ ጫፉ የደነዘዘ፣ አንድ ጎኑ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው፣ በማይዝግ ብረት የተሠራና በአንድ እጅ የሚመዘዝ ነው። ጫፉ የደነዘዘው ራሱን ወይም የሚያድነውን ሰው እንዳይወጋ ነው። ጥርሱ ለመረብ ነው። ዝዋይና ጣና ላይ ተቆርጦ የቀረ የዓሣ መረብ እግር ሲይዝ ለስላሳ ስለት ይንሸራተታል፤ ጥርስ ያለው ነው የሚበጥሰው።

ትልቅ ገንዘብ ለማውጣት የፈለገ ቤተሰብ ዳይቭ ኮምፒውተር ያስብ። በእጅ የሚታሰር ሆኖ ጥልቀቱንና ጊዜውን እየለካ ምን ያህል መቆየት እንደሚቻልና በምን ፍጥነት መውጣት እንደሚገባ ይናገራል። እዚህ ላይ የእኛ አገር ጉዳይ ይገባል። ጠላቂ ግፊት ውስጥ ሲቆይ ናይትሮጂን ሰውነቱ ውስጥ ይሟሟል፤ ቶሎ ከወጣ አረፋ ሆኖ መገጣጠሚያና ነርቭ ይጎዳል። የተለመደው የስሌት ሠንጠረዥ የተሠራው ለባሕር ወለል ነው። ከ300 ሜትር ከፍታ በላይ ሲጠለቅ ስሌቱ መስተካከል አለበት፤ የእኛ ሐይቆች ደግሞ አብዛኞቹ ከዚህ እጅግ ይበልጣሉ። ላንጋኖ ከ1,500 ሜትር በላይ ነው፤ ቡታጅራ ከ2,000 ሜትር በላይ። ቡታጅራ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው አራት አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ባሕር ላይ ግፊቱ እጥፍ የሚሆነው 10 ሜትር ሲወረድ ነው፤ በዚህ ከፍታ ግን 8 ሜትር ገደማ ሲደረስ እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ቡታጅራ አጠገብ ባለው የሐረ ሸይጣን ሐይቅ አፋፍ ላይ ቆመው «እስቲ ግባበት» የሚሉት ወጣቶች የሚጠይቁት ቀላል ነገር አይደለም። ኮምፒውተሩን ስትገዙ ለከፍታ ራሱን የሚያስተካክል መሆኑን ጠይቁ። ዋጋው ለአንድ ሰው ከከበደ እኅትና ወንድም እቁብ ጥለው የመጀመሪያውን ዕጣ ለዚህ ቢያውሉት ያምራል።

ጅቡቲ ለሚሠራው ልጅ የአውሮፕላን ቲኬት መቁረጥ የሚወዱ አሉ። ደመራ መስከረም 16 ነው፤ ቤተሰቡም ልጁ የደመራውን ዋዜማ በሥራ ውሎ በማግሥቱ ማለዳ እንዲበር ያደርጋል። ናይትሮጂኑ ከሰውነቱ ሳይወጣ ከፍ ወዳለ ቦታ መውጣት ስለሆነ ይህ አደጋ አለው። ደጋግሞ የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲጠብቅ ይመከራል፤ በመኪና ወደ ደጋ መውጣትም ያው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ቲኬቱን ከመቁረጣችሁ በፊት መቼ ለመጨረሻ ጊዜ እንደሚጠልቅ ጠይቁትና አንድ የዕረፍት ቀን ጨምሩለት።

እስካሁን ያልኩት ስለ ዕቃ ነው። ከዕቃው ሁሉ አስበልጬ የምመክረው ግን ከውሃ ከወጣ በኋላ ያለውን ሰዓት የሚያስታውስ ስጦታ ነው። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይወስዳል። ጠላቂ ሲወጣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ጣቱ ዚፕ መክፈት አቅቶት ነው። በዚያን ሰዓት ወፍራም ጋቢን የሚተካ ነገር አላየሁም፤ እርጥብ ልብሱን እስኪያወልቅ ይሸፍነዋል፣ ከደረቀ በኋላም ያሞቀዋል። ከጋቢው ጋር ሙቅ ሻይ የሚያቆይ ጥሩ ፔርሙዝ ይጨመር። ፈሳሽ ያነሰው ሰውነት ለናይትሮጂኑ ጉዳት ይበልጥ የተጋለጠ ስለሆነ መጠጣቱ ከሙቀትም ያለፈ ጥቅም አለው። አረቄው ለሌላ ቀን ይቆይለት።

በነፍስ አድን የሚሠራው ጠላቂ ደግሞ ከብርድ የባሰ ነገር ይዞ ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚጠራው ሰው ካለፈ በኋላ ነው፤ ሥራው አስከሬን ፈልጎ ለቤተሰቡ መስጠት ነው። በእጁ ዳስሶ ያገኘው ሕፃን ሊሆን ይችላል። ዳር ላይ እናት ቆማለች። ይህ ሰው ለመስቀል ቤቱ ሲገባ ክትፎው ቀርቦ፣ ዘመድ ከብቦት «ምን አየህ? ስንት አወጣህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ክፉ አስቦ አይደለም፤ በልጁ ኮርቶ ነው። የምለምነው ግን ይህንን ጥያቄ በበዓሉ ቀን እንዲተዉለት ነው። ሊናገር ሲፈልግ ይናገራል፤ ያኔ የሚሰማው ሰው ይኑር። አባት ሲመርቀው «ከውሃ በሰላም አውጣህ» ብሎ ቢጨምርበት ልጁ ከልቡ «አሜን» ይላል።

ለጠላቂ ገንዘብ ሳያወጡ የሚሰጡት ስጦታም አለ፤ እሱ ራሱ ሊገዛው አይችልም። መስቀል የሚመጣው ክረምቱ ሲያበቃ ነው። ጉድጓዱም ኳሪውም ሞልቷል። ከከተማ የመጡ ልጆች የት ጥልቅ እንደሆነ ሳያውቁ ከአገሬው ልጆች ጋር ሊዋኙ ይሮጣሉ። ከደመራው በፊት ባለው ሳምንት የመንደሩ ሰው ወጥቶ ክፍቱን ጉድጓድ ይክደን፣ ኳሪውን በእሾህ ይጠር፣ ለልጆቹም ጥልቁን እያሳየ ይንገር። እያንዳንዱ የተከደነ ጉድጓድ ለጠላቂው አንድ የማይደወል ስልክ ነው። ጋቢውን፣ ጓንቱንና ፔርሙዙን በደስታ ይቀበላል፤ ይህ ከተደረገለት ግን በዓሉን ከቤተሰቡ ጋር ሳይጠራ ይውላል።