ስንጥቁ የት ነው የሚያልቀው?

ሰሞኑን ሥራ የጀመረ ልጅ «ጋሼ፣ የኒኬል ኤሌክትሮድ እያለ ይህን ሁሉ ቀዳዳ ለምን እንበሳለን?» አለኝ። ፊታችን የቆመው ማሴ ፈርጉሰን 135 ነበር፤ ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ። ሾፌሩ ውሃውን ሳያፈስ አሳድሮት የአርሲ ደጋ ውርጭ ብሎኩን ጎኑ ላይ ሰንጥቆታል። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ ካስት አይረን ደግሞ መለጠጥ አያውቅም።

በያጆች ይቆጡኝ ይሆናል፤ እኔ ግን የውሃ ማለፊያው ስስ ግድግዳ ላይ አርክ አላስነካም። ካስት አይረን ግለቱን ይችለዋል፤ የማይችለው አንዱ ቦታ ግሎ ሌላው ሲቀዘቅዝ ነው። ብሎኩን ባዶውን አውጥቶ፣ ሙሉውን ከ500 እስከ 650 ዲግሪ አግሎ፣ በይዶ፣ አመድ ውስጥ ቀብሮ ቀስ አድርጎ የሚያበርድ ባለሙያ ካለ አከብረዋለሁ። ሞተሩ ትራክተሩ ላይ እንዳለ ሲበየድ ግን መስመሩ ያምራል፣ ከመስመሩ አጠገብ ያለው ብረት ጠጥሮ አዲስ ስንጥቅ ያወጣል። ስንት ዓመት የጠጣው ዘይትም በብየዳው ውስጥ እየፈላ ይወጣል።

ለልጁ መጀመሪያ ያሳየሁት ስንጥቁ የሚያልቅበትን ቦታ ነው። ቀለሙን ፍቀን ላምባ ቀባነው፤ ትንሽ አቆይተን በጨርቅ አደረቅነውና የጠመኔ ዱቄት ነሰነስንበት። በዓይን ካየነው ጫፍ ሁለት ጣት ያህል አልፎ ፀጉር የምታህል እርጥብ መስመር ወጣች። ያቺን ጫፍ ያላገኘ ሰው ቢበይድም በቡሎን ቢሰፋም ልፋቱ ከንቱ ነው፤ እዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

ትራፓኖው የሚጀምረው እዚያ ነው። ለቀዳዳው ጥርስ እናወጣለታለን፣ ለስላሳ የብረት ቡሎን ማሸጊያ ቀብተን እናስገባለን፣ አንገቱን እንቆርጣለን። ቀጣዩን ቀዳዳ የፊተኛውን ቡሎን ሲሶ አስነክሰን እንበሳለን። እንዲህ እየተናከሱ ስንጥቁን እስከ ሌላው ጫፍ ይሞሉታል። ክራንክሻፍቱ የሚያርፍበት ቦታ ከተሰነጠቀ ግን በዚህ መንገድ አልነካውም፤ እዚያ ያለው ጭነት ሌላ ነው።

ካዱ ከተባለው የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ዘመን ጀምሮ አርሲ ትራክተር ያውቃል። እኔም ሙያውን የተማርኩት ከዚያ ትውልድ መካኒክ ነው፤ ዕቃ ስለማይገኝ ምንም ነገር አይጥሉም ነበር። ዛሬም ብሎኩ «አበቃለት» ከተባለ ትራክተሩ በኪሎ ለቁራጭ ብረት ይሸጣል፣ ሰኔ ደርሶ ባለቤቱ እርሻውን በኪራይ ያሳርሳል። ደሞዝ የተሻለበት ጋራዥ ሲጠራኝ ያልሄድኩት በዚህ ምክንያት ነው፤ እዚያ ብሎክ ይቀየራል እንጂ አይጠገንም።

ስንጨርስ ወደ ውሃ ማለፊያው በኮምፕሬሰር አየር ገፍተን፣ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ሳሙና ቀባን። አረፋ የነፋ አልነበረም። ባለቤቱን «አባባ፣ ወይ አንቲፍሪዝ ይግዙ፣ ወይ ማታ ማታ ውሃውን ያፍስሱ» ብዬ የማፍሰሻውን ቧንቧ በእጃቸው አስከፈትኳቸው።