የትምህርት ቤት ድረ ገጽ ማውጫ ለማን ይዘጋጃል?

የመጽሐፍ ማውጫ ቢበላሽ አንባቢው ገጹን እየገለበጠ የሚፈልገውን ማግኘቱ አይቀርም። የድረ ገጽ ማውጫ ሲበላሽ ግን ፈላጊው ነገሩ ከነጭራሹ የሌለ መስሎት ይመለሳል። ስሙን መጥቀስ የማያስፈልገኝ አንድ ትምህርት ቤት የምዝገባውን ቀን «ስለ እኛ» ከሚለው ሥር፣ በዚያም ውስጥ «ጽሕፈት ቤቶች»፣ ከዚያም «ሬጅስትራር» ከሚለው ሥር አስቀምጦት አይቻለሁ። የመሥሪያ ቤቱን አደረጃጀት ለሚያውቅ ሰው ቦታው ትክክል ነው። ልጁን ለማስመዝገብ የእጅ ስልኩን ይዞ ለተቀመጠ አባት ግን ቀኑ አልተነገረም ማለት ነው፤ ቀኑ ቢያልፍ የሚጎዳውም ማውጫውን ያዘጋጀው ሰው ሳይሆን ልጁ ነው።

ይህ ስሕተት የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ሠዓሊ ራንዳል መንሮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. ባወጣው የቀልድ ሥዕል ሁለት ክበቦችን አቆላልፎ አሳይቷል። በአንደኛው ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች በድረ ገጻቸው ፊት የሚያወጡት፣ በሁለተኛው ውስጥ ሰዎች የሚፈልጉት ተጽፏል። ሁለቱ የሚገናኙበት ላይ ያለው የትምህርት ቤቱ ሙሉ ስም ብቻ ነው። በበኩሌ ከዚህ የበለጠ ሒስ በጉዳዩ ላይ አላነበብሁም። እንግዲህ ማውጫውን የሚያዘጋጅ ሰው ከዲሬክተሩ ቢሮ ይልቅ በር ላይ የሚቆመውን ዘበኛና የመዝገብ ቤቱን ጸሐፊ ቢጠይቅ ይሻለዋል፤ ሰው ምን ብሎ እንደሚጠይቅ በየቀኑ የሚሰሙት እነርሱ ናቸውና።

ስለ ማውጫው መልክ ደግሞ ዛሬ የተለመደው ሦስት አግድም መስመሮችን አስቀምጦ ሌላውን ሁሉ ከዚያ ሥር መደበቅ ነው። ምልክቱን ኖርም ኮክስ የተባለ ሰው በ1981 ዓ.ም. ለወጣው የዜሮክስ ስታር ኮምፒዩተር ሠርቶት ነበር። በጠባብ የስልክ መስታወት ላይ መጠቀሙ ይገባኛል፤ በሰፊው ኮምፒዩተር ላይ ቦታ ሞልቶ ሳለ መደበቁ ግን ጌጥ መውደድ ብቻ ይመስለኛል። የኒልሰን ኖርማን ግሩፕ ተመራማሪዎች በ2016 ዓ.ም. እንዳሳዩት፣ ማውጫው ሲደበቅ ሰዎች የሚፈልጉትን ማግኘታቸው ይቀንሳል፤ የሚፈጀውም ጊዜ ይረዝማል፤ ሥራውም ይከብዳቸዋል፤ ይህም በስልክም በኮምፒዩተርም ታይቷል። የማውሱ ቀስት ሲጠጋው ወደ ታች የሚዘረጋው ማውጫም ለስልክ አይበጅም፤ ጣት ይነካል እንጂ አይጠጋምና።

አንዳንድ ጓደኞቼ «የማውጫ ቃላት ከሰባት መብለጥ የለባቸውም» ይሉና ጆርጅ ሚለር በ1956 ዓ.ም. የጻፈውን ይጠቅሳሉ። ሚለር የጻፈው ግን ሰው ለአጭር ጊዜ በአእምሮው ሊይዝ ስለሚችለው መጠን ነው። ማውጫ ዐይን ፊት የተዘረጋ ስለ ሆነ በቃል መያዝ አያስፈልገውም። ስምንት ጥያቄ ካለ ስምንት ቃል ይጻፍ። እርግጥ «የትምህርት ዘመን መቁጠሪያ»ን የመሰሉ ረጃጅም የአማርኛ ስሞች በስልክ ላይ በአንድ መስመር አይሰለፉም። ስለዚህ ምዝገባ፣ ውጤት፣ መቁጠሪያና አድራሻ በግልጽ ይታዩ፤ የቀረው «ማውጫ» ተብሎ በፊደል ከተጻፈበት ሥር ይግባ።

«መፈለጊያ ሣጥን ካለ ማውጫ ምን ያደርጋል?» የሚሉም አሉ። ክርክሩ ለእንግሊዝኛ ጥቂት ያስኬድ ይሆናል። በእኛ ጽሕፈት ግን አንዱ «ሥርዓተ ትምህርት» ሲል ሌላው «ስርአተ ትምህርት» ብሎ ይጽፋል፤ ፊደሉን እንዳለ ብቻ የሚያመሳክር ሣጥን ለሁለተኛው ሰው «የለም» ብሎ ይመልስለታል። ሠን ከሰ፣ ዓን ከአ እኩል አድርጎ እንዲፈልግ ማዘዝ ለፕሮግራም ጸሐፊ የሚከብድ ሥራ አይደለም። ይህ እስኪደረግ ድረስ ሣጥኑ የማውጫውን ቦታ ሊወስድ አይገባውም።