ስለ ኮሎራዶው የኬክ ቤት ፍርድ የቀረበ ሐተታ

በዚህ ሐተታ የሚመረመረው የዩናይትድ ስቴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 4 ቀን 2018 የሰጠው የማስተርፒስ ኬክሾፕ ፍርድ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። በሰባት ድምፅ ለሁለት ስላለፈ ብዙዎች የአንድ ጾታ ጋብቻንና የሃይማኖት ነፃነትን ድንበር የለየ መስሏቸዋል። የእኔ አስተያየት ግን ፍርዱ ጥያቄውን ትቶ የጠያቂዎቹን አነጋገር ብቻ ገሥጾ አልፏል የሚል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2012 በሌክዉድ ከተማ ሁለት ወንዶች ለሠርጋቸው ግብዣ ኬክ ሊያዙ ወደ አንድ ኬክ ቤት ይሄዳሉ። ባለቤቱ፥ ሌላ ሌላውን እሸጥላችኋለሁ እንጂ ለእንዲህ ያለ ሠርግ ኬክ መሥራት ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም ብሎ ይመልሳቸዋል። በዚያን ጊዜ ኮሎራዶ ራሷ ይህን ጋብቻ አትቀበልም ነበርና ሊጋቡ ያሰቡት በማሳቹሴትስ ነበር። ይሁን እንጂ የስቴቱ ሕግ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ሱቅ ደንበኛውን በዚህ ምክንያት እንዳይመልስ ስለሚከለክል፥ የኮሎራዶ የሲቪል መብቶች ኮሚሽን በባለ ሱቁ ላይ ፈረደበት።

የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ፍርድ የጻፉት ዳኛ አንቶኒ ኬኔዲ ናቸው። በ2015 የአንድ ጾታ ጋብቻን በመላ አገሪቱ የፈቀደውን ፍርድ የጻፉትም እሳቸው ነበሩ። ስለዚህ ሁለቱ መብቶች ሲጋጩ ድንበሩን ያሳዩናል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነበር። እሳቸው ግን በኮሚሽኑ ስብሰባ ላይ ከአንድ አባል አፍ፥ የሃይማኖት ነፃነት ለባርነትና ለአይሁዶች እልቂት ማመካኛ ሆኗል የሚል ቃል መውጣቱን ይዘው፥ ኮሚሽኑ ሃይማኖትን በጥላቻ ዓይን ስለ ተመለከተ ውሳኔው ይፍረስ አሉ። ተግሣጹ ትክክል ነው፤ የሰውን እምነት የሚመዝን ሰው አንደበቱን ሊጠብቅ ይገባዋል። ነገር ግን ኮሚሽኑ በትሕትና ተናግሮ ያንኑ ቢፈርድስ? በፍርዱ ውስጥ ለዚህ መልስ የለም።

ደካማው ክፍል ደግሞ ሁለተኛው ምክንያት ነው። ሦስት ሌሎች ኬክ ሠሪዎች የአንድ ጾታ ጋብቻን የሚነቅፍ ጽሑፍ ያለበት ኬክ አንሠራም ሲሉ ጥፋተኞች አልተባሉም፤ ኬኔዲ ይህን እንደ አድልዎ ቈጠሩት። ዳኛ ኤሌና ኬገን በውጤቱ ቢስማሙም በዚህ ነጥብ ላይ የጻፉት ከዋናው ፍርድ ይሻላል። ሦስቱ ያንን ኬክ ለማንም አይሠሩም ነበር፤ የሌክዉዱ ሰው ግን የሠርግ ኬክ ለአንዱ ሸጦ ለሌላው ከልክሏል።

ከዚህ ሽሽት በስተ ጀርባ የ1990ው የስሚዝ ፍርድ አለ። ሕጉ ለሁሉ እኩል የወጣና በሃይማኖት ላይ ያላነጣጠረ እስከ ሆነ ድረስ፥ እምነቴ አይፈቅድልኝም በማለት ብቻ ከሕጉ ነፃ መሆን እንደማይቻል ያን ጊዜ ተወስኗል። (ጸሐፊው ወግ አጥባቂው ዳኛ ስካሊያ መሆናቸውን ዛሬ ብዙ ተከራካሪዎች የሚያስታውሱት አይመስልም።) በ2021 አንድ የካቶሊክ ድርጅት ልጆችን ለአሳዳጊ ቤተሰቦች በማስረከብ ጉዳይ ከፊላዴልፊያ ከተማ ጋር ሲሟገት ዘጠኙም ዳኞች አስረቱት፤ ምክንያቱ ግን በውሉ ውስጥ ለከተማው ሹም ልዩ ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን ተጽፎ መገኘቱ ነበርና ስሚዝ አልተነካም።

በ2023 አንዲት የኮሎራዶ ድረ ገጽ ሠሪ በስድስት ድምፅ ለሦስት ረታች። የረታችውም በሃይማኖት ነፃነት ሳይሆን በንግግር ነፃነት ነው። ይህ ለሃይማኖተኛው ብዙ የሚያስደስት አይደለም። ቃልና ሥዕል የሚፈጥር ሰው ይጠበቃል፤ አዳራሽ የሚያከራየው፥ ድንኳንና ወንበር የሚያቀርበው ግን ኅሊናው ያው ሆኖ ሳለ ከጥበቃው ውጭ ይቀራል። በአንጻሩ ምንም እምነት የሌለው፥ ደንበኛውን ስለ ናቀ ብቻ አልጽፍም የሚለው ሰው በዚያው በር ያመልጣል። ተጋቢዎቹም ቢሆኑ የትኛው ሱቅ በሰው ፊት እንደሚመልሳቸው ሳያውቁ ከደጅ ወደ ደጅ መሄዳቸው አልቀረም።

በእኛ ቋንቋ የቁርባን ጋብቻና የሰማንያ ጋብቻ ተለይተው ይጠራሉ። በአሜሪካ ግን ቄሱ ራሱ የመንግሥትን የጋብቻ ፈቃድ ይፈርማል፥ ስሙም አንድ ነው፤ ክርክሩን ካከረሩት ነገሮች አንዱ ይህ ይመስለኛል። ሕግ አውጪዎቹ በዚህ ረገድ ከዳኞቹ ይልቅ ደፍረዋል። የዩታ ምክር ቤት በ2015፥ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ደግፋው፥ በሥራና በመኖሪያ ቤት አድልዎን ሲከለክል ለሃይማኖት ድርጅቶች ቦታ ትቶላቸዋል። በዲሴምበር 2022 የወጣው የፌዴራል ሕግም የአንድ ጾታ ጋብቻን አጽንቶ፥ ቤተ ክርስቲያኖች ሥነ ሥርዓቱን እንዲፈጽሙ አይገደዱም ይላል። ሆኖም የዩታው ሕግ ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ሱቆችን አልጨመረም፤ የ2022ቱም በንግድ ስለሚተዳደር ኬክ ሠሪ የደነገገው ነገር የለም።