ሞኝና ወረቀት

ለትወና ተማሪዎቼ መጥረጊያውን የምሰጣቸው በሦስተኛው ሳምንት ነው። እስከዚያ ድረስ ትንፋሽ፣ ድምፅና አቋቋም ላይ ስንሠራ እንቆያለን። ከዚያ አንድ ቀን የልምምድ ክፍሉ ጥግ ላይ የቆመውን መጥረጊያ አነሳና ለአንዱ አቀብለዋለሁ። «አንተ ምርኮኛ ነህ፤ እሷ መርማሪ ናት። ከሌላ አገር የመጣች ናት፤ ቋንቋህን ተምራለች፣ ሰውህን ግን አታውቀውም። ግቢውን እየጠረግህ የምትጠይቅህን ትመልሳለህ። ሞኝ መሆንህን አምና ከሄደች ትተርፋለህ፤ ካላመነች የለህም።»

አብዛኞቹ የሚያደርጉት አንድ ዓይነት ነው። አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ዓይናቸውን ያንሸዋርራሉ፣ ይንተባተባሉ፣ መጥረጊያውን ዘቅዝቀው ይይዛሉ። ክፍሉ ይስቃል። መርማሪዋ ግን አታምንም፤ ፊቷ የቆመው ሊያስቃት የሚለፋ ሰው እንደሆነ ታውቃለችና።

እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ ነበር የተጫወትኩት። በባዕድ ጦር እጅ ወድቆ ራሱን ቂል አስመስሎ የሚያመልጥ ሰው ሆኜ መድረክ ላይ ስወጣ አዳራሹ በሳቅ ይናወጥ ነበር። ሥራዬን የምመዝነውም በዚያ ሳቅ ነበር። አንድ ማታ ከትርኢት በኋላ አብራን ትሠራ የነበረች አንጋፋ ተዋናይት ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አጠገቧ አስቀመጠችኝና «አንተ ልጅ፣ ያ መኮንን ግን ለምንድን ነው የሚያምንህ?» አለችኝ።

«ተውኔቱ እንዲህ ስለሚል ነዋ፣ እትዬ።»

«ተውኔቱ ያመልጣል ነው የሚለው። መኮንኑ ማየት የተሳነው ነው አይልም። አንተ እሱን ቂል አደረግኸው። ቂልን ማታለል ምን ሙያ አለው?»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ ወዲህ ሞኝ መምሰል ለእኔ ከትወና ሁሉ የከበደው ሥራ ሆኖ ቀርቷል። አንድ ሰው ሆኖ ሁለት መሆን ነው፤ ያውም አንደኛው ለማራኪው እንዳይታይ፣ ለተመልካቹ ደግሞ እንዳይጠፋ።

ቋንቋችን ለዚህ ሥራ ብዙ ረድቶኛል። ሞኝ፣ ቂል፣ ጅል፣ ተላላ፣ ነሁላላ፣ ፈዛዛ፣ ገልቱ፣ የዋህ፤ አንዱ የሌላው ምትክ አይደለም። ቂል የማይገባው ቦታ ይስቃል። ተላላ የነገሩትን ሁሉ ያምናል። ነሁላላ ዕቃውንም ሐሳቡንም የትም ይጥላል። ፈዛዛ ጥያቄው ከደረሰው ቆይቶ ነው የሚመልሰው። ተማሪ «ሞኝ ሆኜ ልጫወት» ሲለኝ «የትኛውን?» እለዋለሁ። ይህን ሳይለይ የተነሣ ሁሉንም ደባልቆ ይጫወትና በአንድ ሰው ገላ ላይ ስምንት ሰው ይደርባል። ማራኪ ደግሞ እንዲህ ያለ ድሪቶ ሲያይ ይጠረጥራል።

ይህን ሙያ ከማንም በላይ ያስተማረኝ ሰው ተዋናይ አልነበረም። ከሳውዝ ዳኮታ ትንሽ ከተማ የወጣ የ20 ዓመት የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከበኛ ነው፤ ዳግላስ ሄግዳል ይባላል። በቬትናም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 1967 ሌሊት፣ «ካንቤራ» ከተባለችው የጦር መርከብ ላይ የቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ወደቀ። ለሰዓታት ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ ቆይቶ የቬትናም ዓሣ አጥማጆች አወጡት። ከዚያ ሃኖይ፣ እስር ቤት።

እዚያ የታሰሩት አሜሪካውያን አብዛኞቹ የጦር አውሮፕላን አብራሪዎችና መኮንኖች ነበሩ። ይህ ልጅ ግን ተራ መርከበኛ ነው፤ «ከመርከብ ወደቅሁ» ይላል። መርማሪዎቹ አላመኑትም፤ ሰላይ መሰላቸው። አጀማመሩን እዩት፤ እውነቱን ተናግሮ ውሸታም የተባለ ሰው ነው። እውነቱ ካልታመነለት የሚታመንለት ምን እንደሆነ መፈለግ ነበረበት።

አገሩን የሚያወግዝ ጽሑፍ እንዲጽፍ ጠየቁት። ሌሎቹ እንቢ እያሉ የሚሠቃዩበት ጥያቄ ነው። እሱ እሺ አለ። ችግሩ፣ ማንበብና መጻፍ አልችልም አለ። ይህን አመኑት፤ የገጠር ልጅ ፊደል ሳይቆጥር ማደጉ እነሱ በሚያውቁት ዓለም ያለ ነገር ነበርና። የሚያስተምረው ሰው መደቡለት። ልጁ ተማረ፣ ተማረ፣ ምንም አልገባው አለ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጠው ተዉት፤ ደደብነቱ ወሰን የለውም ብለው ስምም አወጡለት።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ሳነብ ቆም ያደረገኝ «እሺ» የሚለው ቃል ነው። እኔ መድረክ ላይ ሞኝ ስሆን መኮንኑን እቃወመው፣ እሸሸው፣ አደናግረው ነበር። እንቢ የሚል ሰው የሚጠብቀው ነገር እንዳለው ያስታውቃል። ሄግዳል ግን ሊታዘዝ የሚጥር፣ እየጣረም የሚያቅተው ሰው ሆነ። ያልሰነፈን፣ ያላመፀን ሰው ምን ያደርጉታል? ደግሞ ከራሱ የጨመረው በጣም ትንሽ ነው። መርማሪዎቹ ስለ ገበሬ ልጅ የሚያስቡት ነገር ልባቸው ውስጥ ቀድሞ ተቀምጦ ነበር፤ እሱ አላፈረሰባቸውም። ንቀታቸው የቀረውን ሠራለት።

እንዲህ ሲሆን የእትዬ ጥያቄ መልስ ያገኛል። ያ መኮንን የሚያምነው ዓይን ስለሌለው አይደለም። ሊያየው የሚጠብቀውን ስላሳዩት ነው። ብልህ ማራኪም በዚህ ይያዛል፤ እንዲያውም በራሱ ፍርድ የሚተማመን ብልህ ይብሳል።

ሄግዳል ከዚያ በኋላ «ፕላንቴሽን» በሚባለው እስር ቤት ግቢ ውስጥ መጥረጊያ ይዞ ይዘዋወር ጀመር። ማን ልብ ይለዋል? በዚያ ቸልታ ተጠቅሞ በአምስት የጭነት መኪናዎች ነዳጅ ውስጥ አፈር ጨመረ። ትልቁ ሥራው ግን ይህ አልነበረም። ጆ ክሬካ የተባለ የአየር ኃይል መኮንን የምርኮኞቹን ስም እየነገረ ያስጠናው ነበር። 256 ያህል ስሞች ናቸው፤ ከእነዚህም ጋር ማን መቼ እንደተማረከና ማንነቱን የሚያረጋግጡ ሌሎች ዝርዝሮች አሉ። ልጁ ይህን ሁሉ በልቡ የያዘው የአሜሪካ ሕፃናት በሚዘፍኑት «ኦልድ ማክዶናልድ» የተባለ የእርሻና የእንስሳት መዝሙር ዜማ ነው። ለእኛ ይህ ሩቅ አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ሀሁ የቆጠረ ሰው፣ ከስንት ዘመን በኋላም ቢሆን ዜማው ሲነሣ ፊደሉ ተከትሎት እንደሚመጣ ያውቃል።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እንላለን፤ ግትርን ለመንቀፍ ነው የምንተርተው። ስለ ሄግዳል ሳስብ ግን ተረቱ ሌላ ሆኖ ይሰማኛል። ስም የሚጻፍበት ወረቀት በሌለበት፣ ቢኖርም በፍተሻ በሚያዝበት ቦታ፣ ሞኙ ራሱ ወረቀት ሆነ። ፊደል አልቆጠርኩም ያለው ልጅ የእስር ቤቱ መዝገብ እሱ ነበር።

አንድ ሌላ ሰው እዚያው ነበር፤ የሄግዳል የክፍል ጓደኛና አለቃው የባሕር ኃይል መኮንኑ ሪቻርድ ስትራተን። በማርች 1967 ማራኪዎቹ በጋዜጠኞች ፊት አቀረቡት። ስትራተን ዓይኑ ፈዝዞ፣ ፊቱ ላይ አንዳች ሳይነበብ፣ ወገቡን አጥፎ ወደ አንዱ አቅጣጫ እጅ ነሣ፤ ዞሮ ወደ ሌላው፣ ዞሮ ደግሞ ወደ ሌላው። ፎቶግራፉ «ላይፍ» መጽሔት ላይ ወጣ። ምርኮኛ እጅ እንዲነሣ የግድ ነበርና ትእዛዙን አልጣሰም። በውጭ ያየው ሰው ግን እዚያ ቤት ውስጥ በሰው ላይ የሚሠራ ክፉ ነገር እንዳለ ገባው። ቅኔ የቀመሰ አንባቢ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ኅብረ ቃል ነው፣ በወገብ የተነገረ። ሰሙ ለጠባቂው፣ ወርቁ ለሩቁ ተመልካች። የመድረኩን ችግር የፈታልኝ ይህ ነው። ብዙ ተዋናዮች ሞኝነታቸው የውሸት እንደሆነ ለተመልካች ለማሳወቅ ጎን ለጎን ይጠቅሳሉ፣ ፈገግ ይላሉ። ያ ጥቅሻ አንድ አዳራሽ ውስጥ ላለ ለመኮንኑም ይታያል። መፈለግ ያለበት ማንም ሳይደብቀው ሁለት ሆኖ የሚነበብ አንድ እንቅስቃሴ ነው። እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ ለማግኘት አንዳንዴ የልምምዱ ወር በሙሉ ያልቃል፤ እኔ ግን ከዚህ በታች ወርጄ መድረክ መውጣት አቁሜያለሁ።

ዳዊትም በጌት ከንጉሥ አንኩስ ፊት ያደረገው አለ። ባሪያዎቹ ሲያውቁት እንደ እብድ ሆነ፤ የበሩን መዝጊያ ጫረ፣ ልጋጉን በጢሙ ላይ አዝረከረከ። አንኩስም እብድ መች አነሰኝ ብሎ ተቆጣ፤ ዳዊትም ከዚያ አመለጠ። እኔን የሚደንቀኝ ጢሙ ነው። በዚያ ዘመን ጢም የወንድ ክብር ነበር። ጎልያድን የጣለ ጀግና፣ በገዛ የጎልያድ አገር፣ ክብሩን በምራቅ አረከሰ። ተማሪ ሞኝ ሲሆን እንኳ መልኩ እንዳይበላሽ የሚሳሳለት ነገር ካለ መርማሪዋ ያንን ነገር ታገኘዋለች።

ሐምሌትን ግን እንደ ምሳሌ አልወስደውም። በጸጋዬ ገብረ መድኅን አማርኛ የሰማነው ሐምሌት እብደቱ እጅግ ያምራል፤ ችግሩም እዚያ ነው። ቃሉ ይበዛል፣ ይሰላል። ፖሎኒየስ ከንግግሩ ውስጥ ሥርዓት ያሸታል፤ ንጉሡም ይህ እብደት አይመስለኝም ብሎ ወደ እንግሊዝ ሊሰደው ይነሣል። ታላቅ ተውኔት ነው። ለመትረፍ ብሎ ሞኝ ለሚሆን ሰው ግን አስተማሪ አይሆንም። የሚተርፈው ቃሉ አጭር የሆነ ነው።

ሰሜን ቬትናሞች አልፎ አልፎ ጥቂት ምርኮኞችን ቀድመው ይለቁ ነበር። በምርኮኞቹ ደንብ ከጓደኞች በፊት ነፃነት መቀበል ነውር ነው። ሄግዳልም መሄድ አልፈለገም። ስትራተን ግን አዘዘው፤ ስሞቹ ከዚያ መውጣት ነበረባቸው። ኦገስት 5 ቀን 1969 ከሌሎች ሁለት ጋር ተለቀቀ። ስትራተን እዚያው ቀርቶ የተፈታው በ1973 ነው። የዚህን ልጅ ጉዞ ሳስብ የሚከብደኝ አደጋው ብቻ አይደለም። ምሥጢሩን የማያውቅ ሰው ሁሉ ጓደኞቹን ጥሎ የወጣ አድርጎ ሊያየው ይችላል፤ እሱም በዚያ ሰዓት ለማንም ማስረዳት አይችልም። ሞኝነትን የሚለብስ ሰው ውርደቱንም አብሮ ይለብሳል። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ እኔም ዝም እላለሁ።

ሄግዳል ኋላ ሳንዲያጎ ውስጥ ወታደሮችን ከምርኮ እንዴት መትረፍ እንደሚቻል የሚያስተምር መምህር ሆነ።

የመጥረጊያውን ልምምድ ያገኘሁት ከእሱ ነው። መጀመሪያ ሁሉም እንደፈለገው ይሞክር፣ ይሳቅ። ከዚያ ለምርኮኛው በወረቀት የተጻፈ የሃያ ሰዎች ስም ከነአባታቸውና ከነአገራቸው እሰጠዋለሁ። በልጅነቱ በሚያውቀው ዜማ አጥንቶ ይመጣል። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ወረቀቱን ተቀብዬ መጥረጊያውን እሰጠዋለሁ። «ሞኝ አትሁን» እለዋለሁ። «ስሞቹን በልብህ ከላይ እስከ ታች እያልክ ጥረግ። ስትጠይቅህ በምትችለው ሁሉ እርዳት። ስሞቹን ግን አታቋርጥ።»

ያኔ የሚሆነውን ስንት ጊዜ ባየውም አልጠግበውም። መልሱ አንድ ትንፋሽ ያህል ይዘገያል። ዓይን መርማሪዋ ላይ ያርፋል፣ ግን አይጨብጣትም። እጅ አንድን ቦታ ሁለቴ ይጠርጋል። ፊት ጸጥ ይላል። ከውስጥ በሥራ የተያዘ አእምሮ ከውጭ ሲያዩት ፈዝዞ ነው የሚታየው። ተማሪው ሞኝነትን አልተጫወተም፤ አእምሮው ሌላ ቦታ ተቀጥሮ ስለዋለ ፊቱ ባዶ ቀረ። ተመልካች ደግሞ ያ ባዶነት አንድ ነገር እንደያዘ ይሰማዋል፤ ምን እንደሆነ ባያውቅም ከዓይኑ አያወጣውም።

ባለፈው ዓመት አንዲት ዝምተኛ ተማሪ ነበረችኝ። መርማሪው ከክፍሉ ጎበዝ የሚባለው ልጅ ነበር። ለሩብ ሰዓት ያህል ለመናት፣ ጮኸባት፣ እንደገና ለመናት። እሷ ለሁሉም «እሺ ጌታዬ» አለች፤ የጠየቃትን ለመናገር ከልቧ ሞከረች፣ አልመጣላትም። በመጨረሻ ሰልችቶት ፊቱን አዞረና ከጓደኛው ጋር ስለ ምሳ ያወራ ጀመር። እሷ ቀረብ ብላ እሱ ቆሞበት የነበረውን ቦታ ጠረገች።

«በቃ» አልኩና ስሞቹን ጠየቅኋት። መጥረጊያውን ሳታስቀምጥ በዜማ ጀመረች። አሥራ አራተኛው ላይ ተሰናከለች። ከመሐል መቀጠል አልቻለችም፤ ዜማው አይፈቅድላትም። ዓይኗን ጨፍና ከመጀመሪያው ስም ተነሣች። መርማሪው ልጅ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ እየተከተላት በጣቱ ወደ ታች ወረደ። ሃያውም ነበሩ።