ገንዘቡ በማን እጅ ይግባ?

የፓርላማ ቃለ ጉባኤ ማን ደስ ብሎት ያነባል? እኔም ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበረበት ዘመን እንዲህ ያለውን ደረቅ ጽሑፍ ለተማሪ አሳይቼ አላውቅም። የእንግሊዟን የምክር ቤት አባል የወይዘሪት ኤሌነር ራትቦንን ሥራ ከተከታተልኩ ወዲህ ግን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። ራትቦን የሊቨርፑል ባለጸጋ ነጋዴ ልጅ ናቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የዘማች ሚስቶች ድጎማ በቀጥታ በሴቶቹ እጅ ሲገባ አዩ። በ1924 ባሳተሙት መጽሐፍም፣ ደመወዝ ወንደላጤውንና የአምስት ልጆች አባቱን እኩል ያያል፤ እናትና ልጅ ከሒሳቡ ውጪ ቀርተዋል ሲሉ ተከራከሩ። በ1929 ያለ ፓርቲ ተወዳድረው፣ የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን መርጠዋቸው ፓርላማ ገቡ።

በ1945 መንግሥት የልጆች ድጎማ ረቂቅ አቀረበ። ከሁለተኛው ልጅ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ልጅ በሳምንት አምስት ሽልንግ ይከፈላል። ዕድሜያቸውን የለፉለት ሕግ! ረቂቁ ግን ገንዘቡ የአባት ነው ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን "ግዴለም፣ ዋናው መገኘቱ ነው" ብሎ እጁን ያወጣ ነበር። እሳቸው ግን ይህ ካልተለወጠ ሕጉን እቃወማለሁ አሉ። መንግሥትም አባላቱ እንደ ኅሊናቸው ድምፅ እንዲሰጡ ፈቀደ፤ ገንዘቡም ለእናት ሆነ። "አምስት ሽልንግ በማንም እጅ ቢገባ ያው አምስት ሽልንግ ነው" የሚል ካለ፣ የአስቤዛ ብር ከባሏ ለምና የማትጠግብ ሴት ቤት አንድ ሳምንት ይክረም። ራትቦን በጥር 1946 አረፉ። የመጀመሪያው ክፍያ የደረሰው በዚያው ዓመት ነሐሴ ነው።

እዚህ ላይ ባቆም ውዳሴ እንጂ ሂስ አይሆንም። እርግጥ በ1935 ጣልያን ሲወረን የመንግሥታቸውን ለዘብተኝነት ከሞገቱት አንዷ ናቸውና የእኛም ባለውለታ ናቸው። ውለታ ግን ሂስን አያስቀርም።

እኚሁ ሴት በ1929፣ ሕንድን ገና በእግራቸው ሳይረግጡ፣ አንዲት አሜሪካዊት የጻፈችው መጽሐፍ አስቆጥቷቸው ስለ ሕንድ ሴቶች ለንደን ላይ ጉባኤ ጠሩ። ከአዳራሹ የነበሩ ሕንዳውያን ሴቶች፣ ከእነሱም መካከል ዳንቫንቲ ራማ ራው፣ ተነሥተው ተቃወሙ። የራሳችንን ነገር የምናውቀው እኛ፣ የምንታገለውም እኛ ነን ነው ነገሩ። ያለዕድሜ ጋብቻ ክፉ መሆኑን የካደ አልነበረም። ጥያቄው ማን ይናገር ነበር። ራትቦን ወደ ሕንድ የሄዱት በ1932 ነው፤ ከጉባኤው በኋላ መሆኑ ነው።

የእንግሊዟ እናት ገንዘቧን በገዛ እጇ ትቀበል ብለው እስከ መጨረሻው የተሟገቱት ሴት፣ የሕንዷን እናት በገዛ አፏ ትናገር ለማለት ዘገዩ። ክፋት ነበር አልልም፤ ደግነት ሲቸኩል እንዲህ ያደርጋል። እኛስ ብንሆን ስለ ችግረኛ ልንመክር በተሰበሰብንበት አዳራሽ፣ ችግረኛው ወንበር ማግኘቱን ዞር ብለን የምናየው ስንቶቻችን ነን?